አንድ ለሠላሳ አምስት፦ የኢትዮጵያ ታንኮች ታሪክና የሞዴል ምትክ ክፍሎች አመራረጥ

የታንክ ሞዴል እውነተኛውን ታንክ በተወሰነ ምጣኔ አሳንሶ የሚያሳይ፣ በሳጥን ከሚሸጡ የፕላስቲክ ክፍሎች እየተቆረጠ፣ እየተሞረደና እየተጣበቀ የሚሠራ ቅርጽ ሲሆን፣ በሙያው ከሁሉም በላይ የተለመደው ምጣኔ አንድ ለሠላሳ አምስት ነው፤ ይኸውም በእውነተኛው ታንክ ላይ 35 ሴንቲ ሜትር የሆነው ርዝመት በሞዴሉ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ይህ ቁጥር ለስሌት ስለሚመች የተመረጠ አይደለም፤ በሺዙኦካ ከተማ የሚገኘው የጃፓኑ ታሚያ ኩባንያ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ የጀርመኑን ፓንተር ታንክ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሄድ ሞዴል አድርጎ ሲያወጣ፣ ባትሪዎቹ ሆዱ ውስጥ እንዲገቡ ስለፈለገ የደረሰበት መጠን ነው፤ ሌሎች አምራቾችም እርሱን ተከትለው ልማድ አደረጉት። በሳጥን የሚመጣው ክፍል ግን ሁልጊዜ ከእውነተኛው ጋር አይገጥምም፤ ሰንሰለቱ እንደ ላስቲክ የለሰለሰ፣ የመድፉ አፈሙዝ ከሁለት ግማሾች ተጣብቆ ስፌቱ የሚታይ፣ ጎማው ደግሞ የሌላ ዓመት ምርት የሆነ ሊሆን ይችላል። በዚህም ምክንያት ለብቻቸው የሚሸጡ ምትክ ክፍሎች የራሳቸውን ገበያ አበጅተዋል፦ የሀንጋሪው ፍሪውል ከብረት አቅልጦ የሚያወጣው ሰንሰለት፣ የቼኩ ኤድዋርድና የፖላንዱ አበር በአሲድ የሚቀርጹት ስስ የናስ ቆርቆሮ፣ በቶርኖ የሚሠራ የአሉሚኒየም አፈሙዝ፣ እንዲሁም ከሬዚን የሚቀረጽ ጎማ ይገኙበታል።

የኢትዮጵያን ታንክ ለሚሠራ ሰው የእነዚህ ክፍሎች አመራረጥ ከገንዘብ ይልቅ የታሪክ ጥያቄ ነው። ኢትዮጵያ የራሷን ታንክ አልሠራችም፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ከኢጣሊያ ገዝታለች፣ ከኢጣሊያ ማርካለች፣ ከአሜሪካ በእርዳታ ተቀብላለች፣ ከዩጎዝላቪያና ከደቡብ የመን ያገለገለ ወስዳለች፣ ከሶቭየት ኅብረት ደግሞ በገፍ አስገብታለች። ስለዚህ በሳጥኑ ላይ የተጻፈው የታንክ ስም የሥራው መነሻ ብቻ ነው፤ ትክክለኛው ጎማ ወይም ትክክለኛው ሰንሰለት የትኛው እንደሆነ የሚወስነው ታንኩ በየትኛው ዓመት፣ ከየትኛው አገር መጋዘን ወጥቶ፣ በየትኛው ግንባር እንደተሰለፈ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ታንኮች ከኢጣሊያ ወረራ በፊት የመጡት ጥቂት ፊያት 3000 ነበሩ። ይህ ታንክ የፈረንሳዩን ሬኖ ኤፍቲ መሠረት አድርጎ የተሠራ የኢጣሊያ ምርት በመሆኑ፣ የሬኖውን ሞዴል ገዝቶ የኢጣሊያ ታንክ ለማድረግ የሚሞክር ሰው በርካታ ነው፤ ሆኖም የኋላው ሞተር ክፍልና የመሣሪያው አገጣጠም ስለሚለያዩ ሙከራው ከመቁረጥና ከመቀጠል አያድንም። በ1921 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓይነት ሁለት ባለ 6.5 ሚሊ ሜትር መትረየሶች ሲኖሩት፣ በኋላ የመጣው ደግሞ ባለ 37 ሚሊ ሜትር መድፍ ነበረው፤ እነዚህን ሁለቱን ማደባለቅ የብዙዎች ስህተት ነው።

ይበልጥ የሚታወቀው የኢጣሊያ ታንክ ግን በጠላትነት የመጣው ካሮ ቬሎቼ ነው፤ ትርጉሙም ፈጣን ታንክ ማለት ሲሆን፣ በዘመኑ የነበሩት ሁለት ዋና ዓይነቶች ሲቪ 33 እና ሲቪ 35 ይባላሉ። ሁለት ሰው የሚይዝ፣ ክብደቱ 3 ቶን ገደማ የሆነ፣ የእንግሊዙን ካርደን ሎይድ መሠረት አድርጎ የተሠራና የሚሽከረከር አናት ማለትም ቱሬት የሌለው ትንሽ ተሽከርካሪ ነበር። መሣሪያው በፊት ለፊቱ የተተከለና ወደ ግራና ቀኝ በጠባብ ማዕዘን ብቻ የሚዞር በመሆኑ፣ ከጎንና ከኋላ የሚቀርበውን ሰው መምታት አይችልም፤ ይህንን ድክመት የኢትዮጵያ አርበኞች ያወቁት በመጽሐፍ ሳይሆን በጦር ሜዳ ነው። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. የጎጃሙ ገዥ ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ተከዜን አሻግረው የመሩት ጦር በደምበጉና መተላለፊያ ላይ የኢጣሊያን ቡድን ሲገጥም፣ ሰንሰለታቸው በአስቸጋሪው መሬት የተያዘባቸው ትንንሽ ታንኮች በእግረኛ ተከበው ተሰባበሩ፣ ተማረኩም፤ የጎጃም ገበሬ ወታደር የዘመናዊ ጦርነት ምልክት ይባል በነበረው መሣሪያ ላይ በቅርብ ርቀት ድል ያገኘበት ከዘመቻው ቀኖች አንዱ ነው።

ይህንን ውጊያ በሞዴል ማሳየት የሚፈልግ ሰው የሆንግ ኮንጉ ብሮንኮ ኩባንያ የሚያወጣቸውን የሲቪ ሞዴሎች ቢገዛ መልካም ጅምር ያገኛል፤ ርዝመቱ 3.17 ሜትር ስለሆነ በአንድ ለሠላሳ አምስት ምጣኔ 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በመዳፍ የሚያዝ ነገር ነው። ችግሩ ያለው በጥቃቅኑ ነገር ላይ ነው። የመጀመሪያው የሲቪ 33 ምርት አንድ ባለ 6.5 ሚሊ ሜትር መትረየስ ነበረው፤ ቀጥሎ የመጣው ደግሞ መንታ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የብዙዎቹ የመጀመሪያ ታንኮች ነጠላ መትረየስም በኋላ በመንታው ተተክቷል። የሲቪ 35 የብረት ልብስ ደግሞ በአብዛኛው በብሎን የተገጠመ ስለሆነ የብሎኖቹ አሰላለፍ ራሱ መለያ ነው። ነበልባል የሚተፋው ዓይነት በበኩሉ ነዳጁን ከኋላው በሚጎተት ጋሪ ላይ ስለሚይዝ፣ ከምትክ ክፍሎች ሁሉ በቀዳሚነት የሚያስፈልገው ይህ ጋሪ ነው። እንግዲህ መንታ መትረየስ ወይም ነጠላ መትረየስ የሚለውን የሚወስነው ሞዴሉ ሊያሳይ የሚፈልገው ታንክ ፎቶግራፍ ይሆናል፤ ከሳጥኑ ሥዕል መገልበጥ ግን ታሪክን ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠት ነው።

ከነፃነት በኋላ የመጣው የአሜሪካ ዘመን በሞዴል ሠሪ ዓይን ቀለል ይላል። በ1945 ዓ.ም. ኢትዮጵያና አሜሪካ የጋራ መከላከያ ስምምነት ከተፈራረሙ በኋላ ባለ 75 ሚሊ ሜትር መድፉ ኤም 24 ቻፊ፣ ቀጥሎም ባለ 76 ሚሊ ሜትሩ ኤም 41 ዎከር ቡልዶግ ወደ ሠራዊቱ ገቡ። ሁለቱም በየጎናቸው አምስት የመንገድ ጎማ አላቸው፤ መለያው የመድፉ ርዝመትና የቱሬቱ ቅርጽ ነው። ኋላ የመጣው ኤም 60 ባለ 105 ሚሊ ሜትር ሲሆን በቁጥር ጥቂት ነበር። ለኤም 41 የታሚያም ሆነ የታይዋኑ ኤኤፍቪ ክለብ ሞዴሎች ስላሉ የምትክ ክፍል ጥያቄ እምብዛም አያስቸግርም።

የኢትዮጵያ ታንክ ታሪክ ከመለዋወጫ ታሪክ ተለይቶ እንደማይነገር ግልጽ የሚሆነው በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ነው። በ1969 ዓ.ም. አጋማሽ የፕሬዚዳንት ካርተር መንግሥት በሰብዓዊ መብት ምክንያት ለኢትዮጵያ የሚሰጠውን የጦር እርዳታ እንደሚቀንስ አስታወቀ፤ በሚያዝያ ወር በሥልጣን ላይ የነበረው ወታደራዊ መንግሥት፣ ደርግ፣ የአሜሪካ የጦር አማካሪዎች ቡድን እንዲወጣና የአሜሪካኖች የቃኘው ጣቢያ እንዲዘጋ አዘዘ። ከዚያ በኋላ የኤም 41 ሰንሰለት ቢበጠስ ወይም የሞተሩ ክፍል ቢበላሽ አዲሱ ክፍል ከመደበኛው ምንጭ የማይመጣ ሆነ። ክፍተቱን በከፊል የሞሉት ያልተጠበቁ አገሮች ናቸው፦ ዩጎዝላቪያ ራሷ ቀድሞ ከአሜሪካ በእርዳታ ያገኘቻቸውን ኤም 47 ታንኮች ለኢትዮጵያ ስታስተላልፍ ዋሽንግተን ተቃውሞ አሰምታለች፤ እስራኤል ደግሞ ለአሜሪካ ሠራሽ መሣሪያዎች መለዋወጫና ጥይት ትልክ ነበር፣ ይህም በ1970 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ ላይ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ሞሼ ዳያን በአደባባይ ካመኑት በኋላ ተቋረጠ። ስለዚህ የኢትዮጵያን ኤም 47 የሚሠራ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት የዩጎዝላቪያ ጦር ፎቶግራፎችን ነው፤ በሞዴሉም ላይ ከመጨረሻው የመንገድ ጎማና ከኋላው ጥርሳም ጎማ መካከል ያለችውን ትንሽ ሰንሰለት ወጣሪ ጎማ መርሳት የለበትም፤ ለዚህ ታንክ መለያ ሆና የምታገለግለው እርሷ ናትና።

በዚያው ወቅት ከደቡብ የመን ቲ-34-85 ታንኮች መጡ፤ በ1970 ዓ.ም. ኅዳር ደግሞ የሶቭየት የአየር ማጓጓዣ በይፋ ተከፍቶ ቲ-54፣ ቲ-55 እና ቲ-62 እየጎረፉ ገቡ። ኢትዮጵያን የወረረችው ሶማሊያም ቀድማ ከሶቭየት ስለታጠቀች፣ በመስከረም ወር ጅጅጋ ስትወድቅ የኢትዮጵያ ወገን በአብዛኛው አሜሪካ ሠራሽ ታንክ ይዞ ሳለ፣ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. የካራማራ ድል በተገኘ ጊዜ ግን በሁለቱም ወገን ያሉት ታንኮች የአንድ ፋብሪካ ዘመዳሞች ሆነው ነበር። የዘመቻውን የመጀመሪያ ወር ትዕይንት ለኢትዮጵያ ወገን በቲ-55 ማሳየት፣ ወይም የመጨረሻውን በኤም 41 ብቻ መሙላት የታሪክ ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው።

በምትክ ክፍሎች ረገድ ከሁሉም የበለጠ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ቲ-55 ነው፤ ምክንያቱም ከውጭ ሲያዩት ከቲ-54 ጋር መንታ ይመስላል። ቲ-54 በቱሬቱ ጣሪያ ላይ ከመድፍ አጉራሹ ክዳን ፊት የአየር ማናፈሻ ጉልላት አለው፤ ቲ-55 ግን የለውም። በ1958 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው ቲ-55 ፀረ አውሮፕላን መትረየስ አልነበረውም፤ በኋላ ዘመን ባለ 12.7 ሚሊ ሜትሩ ተመልሶ ተገጠመለት፤ ስለዚህ ብዙ ሞዴሎች ሁለቱንም አማራጭ በሳጥኑ ውስጥ ስለሚያስቀምጡ ገዢው ማወቅ ያለበት የትኛውን እንደሚተው ነው። ቲ-62 ደግሞ በጎማዎቹ አሰላለፍ ይለያል፦ በቲ-55 ላይ ሰፊው ክፍተት ከፊት አንደኛና ሁለተኛ ጎማ መካከል ሲሆን፣ በቲ-62 ላይ ግን ሦስተኛው፣ አራተኛውና አምስተኛው የተራራቁ ናቸው፤ ባለ 115 ሚሊ ሜትር መድፉ ላይ ያለው የጋዝ ማስወጫ እብጠትም ከጫፉ ገባ ብሎ ይገኛል።

ሰንሰለቱ ከሁሉም ይበልጥ አታላይ ነው። ቀድሞ የነበረው ዓይነት ማያያዣ ዘንጉ ደረቅ ብረት ሲሆን በየጎኑ 90 ያህል ቁራጮች አሉት፤ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ በኋላ የተስፋፋው ግን ዘንጉ የጎማ ሽፋን ያለው ነው፣ ቁራጮቹም ይበዛሉ። ሰንሰለቱን የሚጎትተው የኋላው ጥርሳም ጎማ በመጀመሪያው ዓይነት 13፣ በሁለተኛው 14 ጥርስ አለው። አንድ ሰው ከፍሪውል አዲሱን ሰንሰለት ገዝቶ አሮጌውን ባለ 13 ጥርስ ጎማ ቢተወው፣ ሥራው ውብ ይመስላል፤ ነገር ግን በእውነት ቢሆን ኖሮ ታንኩ አንድ ሜትር እንኳ ሳይሄድ ይቆም ነበር። በአሜሪካና በሩሲያ መጻሕፍት ገጽ ላይ ጥርስ መቁጠር የሰለቸው ሰው ሙያውን ባይጀምረው ይሻላል። ልክን በተመለከተ የቲ-55 ቀፎ ስፋት 3.27 ሜትር ስለሆነ በሞዴሉ ላይ 93 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ መድፉን ጨምሮ ርዝመቱ 9 ሜትር ገደማ በመሆኑም 257 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች አንድን ሳጥን ከመግዛት በፊት መመዘን ይቻላል። የዩክሬኑ ሚኒአርት ለቲ-54ና ለቲ-55 ያወጣቸው የተለያዩ ዓይነቶች ለብዙዎች የተሻሉ የሆኑት ይህንን ልዩነት ዓመት በዓመት ለይተው ስላሰናዱ ነው። ስለ ቲ-34-85 አንድ ነገር ብቻ መጨመር ይበቃል፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሶቭየት ጋራዦች የታደሱት አንዳንዶቹ የቲ-55ን ኮከብ መሰል ጎማ ስለለበሱ፣ አሮጌ ቀፎ ላይ አዲስ ጎማ ማየት ስህተት አይደለም።

በአዲስ አበባ ደቡብ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ለሚኖር ሞዴል ሠሪ ይህ ሁሉ በአንድ ሱቅ ውስጥ የሚገኝ ነገር አይደለም፤ ሳጥኑም ክፍሉም ከውጭ አገር መምጣት አለበት። ክፍልን ከእውነተኛው ጋር አመሳክሮ የመምረጥ ዘዴው ግን ለከተማዋ አዲስ አይደለም። የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት የመርካቶው ሶማሌ ተራ ከሚሠራበት ደንብ አይለይም፤ እዚያ የሚሄድ ሾፌር የመኪናውን ስም ብቻ ተናግሮ አይገዛም፣ የተበላሸውን ዕቃ ይዞ ሄዶ ከአዲሱ ጋር አጋጥሞ፣ ቀዳዳውን ቆጥሮ፣ ጥርሱን መዝኖ ይወስናል። ለሞዴል ሠሪ የተበላሸውን ዕቃ የሚተካው ቀን የተጻፈበት ፎቶግራፍ ነው። ክፍሉ ካልተገኘ ደግሞ በእጅ የመሥራት ልማድ ከልጅነት አለ፤ ከሽቦና ከቆርቆሮ መኪና የሚሠራ፣ የጠርሙስ ቆርኪ ጎማ የሚያደርግ ልጅ የሚያደርገውን ሁሉ ትልቅ ሰው በስስ የናስ ቆርቆሮና በመዳብ ሽቦ ሊያደርገው ይችላል።

ከ1970ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በኋላ ያለው ዘመን ለዚህ ሙያ የሚሰጠው ነፃነት ደግሞ ሌላ ነው። በመጋቢት 1980 ዓ.ም. በአፍአበት፣ ከዚያም በሽሬና በምፅዋ የደርግ ታንኮች በብዛት ተማርከው ደርግን ይወጉ በነበሩት ኃይሎች እጅ መልሰው ተሰለፉ፤ ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው ኃይል በተማረከ ቲ-55 ጭምር ነበር የገባው። እንዲህ ያለ ታንክ ከአንዱ የተነሳ ጎማ፣ ከሌላው የተፈታ ሰንሰለት ይዞ ቢገኝ አያስገርምም፤ በመጽሐፉ ስህተት የሚመስለው ቅልቅል በፎቶግራፍ ከተገኘ ትክክለኛው እርሱ ነው፣ ነገር ግን በአንድ ጎን ያሉት ጥርሳም ጎማና ሰንሰለት አሁንም እርስ በርስ መገጣጠም አለባቸው። ከ2003 ዓ.ም. በኋላ ከዩክሬን የመጣው ቲ-72 ግን ከዚህ ቤተሰብ ይወጣል፤ የሰንሰለቱን የላይኛ ክፍል የሚደግፉ ሦስት ትንንሽ ጎማዎች አሉት፣ በቲ-55ም ሆነ በቲ-62 ላይ የማይገኙ ናቸውና የእነዚያን የጎንና የጎማ ክፍል ለእርሱ መግዛት ገንዘብ ማባከን ይሆናል።