ኤአርፒሲ1ቢ፣ ከሰባቱ አንዱ

ኤአርፒሲ1ቢ ሰባት ክንፍ ያለው ፕሮፔለር የሚመስል ፕሮቲን ሲሆን፣ አርፕ2/3 የሚባለውን ጥምረት ከስድስት ሌሎች ፕሮቲኖች ጋር ያቆማል።

ጥምረቱ አክቲን ከተባለ ፕሮቲን በተሠራ ነባር ክር ጎን ተለጥፎ፣ በ70 ዲግሪ ገደማ ያጋደለ አዲስ ክር ያስጀምራል። ክር በክር ላይ እየበቀለ እንደ ግራር ሲንሰራፋ፣ የሕዋሱን ሽፋን ከውስጥ ወደ ፊት ይገፋዋል። ነጭ የደም ሕዋስ ጀርም ፍለጋ የሚሳበው በዚሁ ጉልበት ነው። ይሁንና ጥምረቱ በራሱ አይነሣሣም ማለት ይቻላል፤ ዋስፕን የመሰለ ቀስቃሽ ፕሮቲን ይፈልጋል። ሊስቴሪያ የምትባለው ባክቴሪያ ደግሞ ብልጥ ናት፦ የራሷን ቀስቃሽ ይዛ ትገባና የሕዋሱን አክቲን ለራሷ ጉዞ ታውለዋለች።

አርፕ2/3 መጀመሪያ የተለየው እ.ኤ.አ. በ1994 ከሰው ሳይሆን አካንታሜባ ከተባለች ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ዝርዝር ቅርጹ በኤክስሬይ ታየ፤ ለዚህም ናሙናው የተወሰደው ከከብት ታይመስ ዕጢ ነበር።

ሰው ኤአርፒሲ1ኤ የሚባል መንትያ ፕሮቲንም አለው። በደም ሕዋሳት ውስጥ ግን በብዛት የሚገኘው ባለ «ቢ»ው ነው፤ ጉድለቱ ጎልቶ የሚታየውም እዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ፕሮቲኑ የሌላቸው ልጆች ሁኔታ በጥናት ታትሟል፦ ከመጠን በታች ያነሱ ፕሌትሌቶች፣ የቆዳ ችፌ፣ የደም ሥር ብግነትና ተደጋጋሚ ኢንፌክሽን። ከእንዲህ ዓይነት ሕሙማን አንዳንዶቹ ከሌላ ሰው በተወሰደ የደም ግንደ ሕዋስ ንቅለ ተከላ ተሽሏቸዋል።