ከበረት እስከ እንሰት ጓሮ፦ የሃላሌ ተዳፋት ታሪክ

«ምኅዳር» የምንለው ቃል ሥሩ ግዕዝ ነው። «ኀደረ» አደረ፣ ኖረ ማለት ነው፤ «ማኅደር»ም ማደሪያ። ጀርመናዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ኤርንስት ሄከል በ1866 እ.ኤ.አ. ለአዲሱ የዕውቀት ዘርፍ ስም ሲያወጣ የመረጠው «ኦይኮስ» የሚለውን የግሪክ ቃል ነበር፤ እርሱም ቤት ማለት ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ አንድ ደጃፍ ላይ ተገናኝተዋል። ፍጡር ሁሉ ማደሪያ አለው፤ ማደሪያውም ከእርሱ ጋር ከሚያድሩት ሌሎች ፍጡራን የተለየ አይደለም። ሥነ ምኅዳር የሚያጠናው ይህንኑ አብሮ ማደር ነው።

የታሪክ መጻሕፍቶቻችን ግን ቤተ መንግሥት እንጂ ቤት መግባት አልለመዱም። ስለዚህ ዛሬ አንባቢን ወደ አንድ የወላይታ ቤት ልጋብዝ። ቦታው ሃላሌ ነው፤ የኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ ዋና ከተማ። መሬቱ ከደጋው ተነሥቶ ወላይታን ከዳውሮ ወደሚለየው የኦሞ ሸለቆ ቁልቁል ይወርዳል። ዳገቱን የወረደ ሰው በአንድ ቀን መንገድ ብርድንም ሐሩርንም ያያል፤ የሚያበቅለውም የሚያረባውም ከፍታው በተለወጠ ቁጥር ይለወጣል።

በወላይታ ቤት ከብት እንግዳ አልነበረም። በጥንቱ የሣር ቤት ውስጥ ለላሟና ለበሬው የተከለለ ማደሪያ ነበረ፤ ማታ ይገባሉ፣ ጠዋት ይወጣሉ። የሚጠረገው ፍግ ወደ ጓሮ ይወሰዳል። በጓሮው እንሰቱ ቆሟል፤ ከእንሰቱ ጋር ቡናው፣ ጎደሬው፣ ጎመኑ። ገበሬው ይህን በፍግ የወፈረ የቤት ዙሪያ መሬት «ዳርኳ» ይለዋል፤ ራቅ ያለውንና እህል የሚዘራበትን ደግሞ «ሾቃ»። ከብቱ ቀን በግጦሽና በሾቃው ቃርሚያ ይሰማራል፤ የበላውን በሆዱ ተሸክሞ ማታ ለዳርኳው ያስረክባል። በበጋ ሣሩ ሲደርቅ ደግሞ እንሰቱ ቅጠሉን ለከብቱ ይሰጣል። ላሚቱ እንሰቱን ታበላለች፤ እንሰቱም ላሚቱን።

በሳይንስ ቋንቋ ይህ የንጥረ ነገር ዑደት ይባላል። ብርታት ከፀሐይ መጥቶ በቅጠል ተይዞ፣ በአፍና በሆድ አልፎ በሙቀት ይበተናል፤ አይመለስም። ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ግን ከአፈር ወደ ተክል፣ ከተክል ወደ እንስሳ፣ ከእንስሳ ወደ አፈር መመለስ አለባቸው። አንዱ ማያያዣ ከተቆረጠ ዑደቱ ይቆማል። እንሰት ለመድረስ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ዛሬ የተቆረጠ ማያያዣ ጉዳቱ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው።

ቁልቁል ደግሞ ሌላ ኗሪ አለ። በኦሞ ሸለቆ ቁጥቋጦ ፄፄ ዝንብ ትኖራለች፤ በንክሻዋ የገንዲን ተውሳክ ከደም ወደ ደም ታሸጋግራለች። የዱር እንስሳት ተውሳኩን በደማቸው ይዘው ብዙም ሳይታመሙ ይኖራሉ፤ የደጋው በሬ ግን ይከሳል፣ ይሞታል። ስለዚህ ሰው በደጋው ተጨናነቀ፤ ሸለቆው ለዱሩ ቀረ። ማንም ሳይፈርምበት የወላይታን አሰፋፈር በከፊል ያሰመረች ይህች ትንሽ ዝንብ ናት።

እንግዲህ ታሪክ ከምንለው ጋር እንገናኝ። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምፅዋ በኩል የገባው የከብት ደስታ በሽታ የኢትዮጵያን ከብት ፈጀው። በሬ ሲያልቅ ማረሻ ቆመ፤ ማረሻ ሲቆም ረኀብ ነገሠ። ያን ዘመን አባቶቻችን «ክፉ ቀን» አሉት። አንዲት በዓይን የማትታይ ተውሳክ ከከብቱ አልፋ የሰውን ማዕድ፣ ከማዕዱም አልፋ የመንግሥትን ጉዞ ለወጠች። በ1887 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ራሳቸው መርተው በወላይታ ላይ ሲዘምቱ አገሪቱ ገና ከዚያ ጥፋት አላገገመችም። ካዎ ጦና ተዋግተው፣ ቆስለው ተማረኩ። ከዘመቻው ጋር አብሮ የነበረው ፈረንሳዊው ቫንደርሄይም ስለ እልቂቱና ስለ ምርኮው ያየውን ጽፎ አሳትሟል። ከምርኮው ውስጥ ብዙ ሺህ ከብት ነበረ።

ይህን ዘመቻ በሞቱት ሰዎችና በወደቀው ዙፋን መቁጠር ልማዳችን ነው፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን ከላይ ያየነውን ቤት ያስታወሰ ሰው ሌላ ኪሳራ ያያል። ከብቱ የተነዳበት ቤት ወተትና በሬ ብቻ አላጣም፤ የጓሮውን ምግብ አጣ። የተረፈው እንሰት ለጊዜው ቆሞ ይታያል፤ ሥሩ ሥር ያለው አፈር ግን ከዚያ በኋላ ያለ ሰጪ የሚበላለት ነው። ከዚያም የገባር ሥርዓት መጣ፤ ከቤቱ የሚወጣው ወደ ቤቱ ከሚመለሰው በለጠ።

በ1970 እ.ኤ.አ. በዓለም ባንክ ገንዘብ የተቋቋመው የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት (ዋዱ) ለጎደለው ፍግ ምትክ ይዞ መጣ፤ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር። በአቤላና በበሌ ቆላም ከተጨናነቀው ደጋ የመጡ ቤተሰቦችን አሰፈረ። በቆሎው አማረ። ነገር ግን የከረጢቱ ማዳበሪያ በበረት አይወለድም፤ ከሩቅ አገር በዋጋ ይመጣል። ድርጅቱ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሲያበቃ ዋጋውን የሚደግፍ እጅ ጠፋ፤ ገበሬውም በዕዳና በተራበ መሬት መካከል ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ወላይታ «አረንጓዴ ረኀብ» በሚባለው ስም ተደጋግሞ ተነሥቷል። በ1977፣ በ1992፣ በ2000 ዓ.ም. መንገደኛ በመኪና መስኮት አሻግሮ አገሩ ሁሉ ለምለም ሆኖ ያያል፤ በቤት ውስጥ ግን ሕፃናት በረኀብ አብጠዋል። በቆሎው አረንጓዴ ነው፤ አልደረሰም። ክፉውን ወር ያሻግር የነበረው እንሰት ሳይደርስ ተቆርጧል፤ በአጠውልግ በሽታም ተመትቷል። ይህን በሽታ የሚያመጣውን ባክቴሪያ በ1968 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ያስተዋወቁት ዳኛቸው ይርጉና ባልደረባቸው ብራድበሪ ናቸው። ከተክል ወደ ተክል ከሚያዛምቱት አንዱ የገበሬው የራሱ ቢላዋ ነው። የሚመግብ እጅ ሳያውቅ ሞትን ያደርሳል፤ ማስተዋል የሚጠይቀውም ቢላዋውን በእሳት ማሳለፍ ያህል ትንሽ ነገር ነው።

ተስፋም ከዚሁ ምድር ተነሥቷል። በሁምቦ ተራራ 2,728 ሄክታር የተራቆተ መሬት ላይ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው ከብትና ምሣር ከለከሉ። በአብዛኛው አዲስ ችግኝ አልተከሉም፤ ከመሬት በታች በሕይወት የነበረው ጉቶ ያቆጠቆጠውን መርጠው ጠበቁ። ደኑ ተመለሰ፤ በ2009 እ.ኤ.አ. መጨረሻም ያመቀው ካርቦን በዓለም አቀፍ መዝገብ ገባ። ሥሩ እስካልሞተ ድረስ ምድር ታስታውሳለች።

ከሃላሌ ቁልቁል ያለው ኦሞም እንደ ቀድሞው አይደለም። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 243 ሜትር ከፍታ ያለው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ወንዙን 150 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ የሚተኛ ሐይቅ አድርጎታል። መብራቱ ለአገር ነው። ነገር ግን የታችኛው ኦሞ ሰዎች የጎርፉን ሽሽት እየተከተሉ ማሽላ ይዘሩ ነበር፤ የቱርካና ሐይቅም ከሚቀበለው የወንዝ ውኃ ዘጠና በመቶ ያህሉ ከኦሞ ነው። በላይኛው ቤት የተዘጋ በር በታችኛው ቤት ይሰማል።

ታሪክ ስንጽፍ የወላይታን ገበሬ መሬቱን አራቆተ ብለን ለመክሰስ እንቸኩላለን። ከመክሰሳችን በፊት ከብቱን ማን እንደነዳው፣ ሸለቆውን ማን እንደዘጋበት፣ ከጓሮው ማን ሲወስድ እንደኖረ እንጠይቅ። በእያንዳንዱ እንሰት ሥር ያለው ጥቁር አፈር የብዙ ትውልድ እናቶች ጠዋት ጠዋት ከበረት ጠርገው ያኖሩት መዝገብ ነው። ብራና ላይ ስላልተጻፈ ታሪክ አይደለም ማለት አይቻልም።