መጀመሪያ ፓኑን

የካሪቢያን ጃዝ የሚጫወት አነስተኛ ባንድ ዕቃው ብዙ አይደለም፦ ፒያኖ ወይም ኪቦርድ፣ ቤዝ ጊታር፣ ድራም፣ ኮንጋ፣ አንዳንዴም ሳክስፎን፤ ከፊት ደግሞ ከነዳጅ በርሜል የሚሠራው ስቲል ፓን። ዋሽንግተን አካባቢ በድምፅ ሥራ ስተዳደር የሐበሻ ባንድም የትሪኒዳድ ባንድም ይገጥመኛል። ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝም ይበልጥ የምወደውም ፓኑ ነው። ማይክሮፎን ሲቀርበው ለምን እንደሚያስቸግር የተረዳሁት ታሪኩን ሳነብና ተጫዋቾቹን ስጠይቅ ነው። ፓን የተወለደው ጎዳና ላይ ነው፤ ያለ ኤሌክትሪክ፣ በሚጨፍር ሕዝብ መሀል እንዲሰማ ተብሎ።

ነገሩ የሚጀምረው ከክልከላ ነው። ትሪኒዳድ በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሥር ሳለች፣ ከባርነት ነፃ የወጡት ጥቁሮችና ልጆቻቸው በካርኒቫል ሰሞን ችቦ አብርተው፣ ከበሮ እየመቱ አደባባይ ይወጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1881 ፖሊስ ይህን ሰልፍ ለማስቆም ሲሞክር በዋና ከተማዋ በፖርት ኦፍ ስፔን ከባድ ግጭት ተነሣ። ጥቂት ዓመታት ሳይቆዩ ገዥዎቹ ከበሮን ከጎዳና በሕግ አገዱ።

ሕዝቡ ወደ ቀርከሃ ዞረ። ታምቡ ባምቡ የሚባለው ጨዋታ ሦስት ዋና ዋና ድምፆች ነበሩት። ቡም የሚሉት ረጅሙና ወፍራሙ ቀርከሃ መሬት ላይ ሲወቀጥ ጎርናና ድምፅ ይሰጣል። ፉሌ ሁለት አጫጭር ቁራጮች ናቸው፤ እርስ በርስ ይጋጫሉ። ከተር ቀጭን ነው፤ ትከሻ ላይ ጋደም ተደርጎ በእንጨት ይመታል። ዛሬ ሚክሰር ላይ ወፍራም፣ መካከለኛና ቀጭን እያልኩ የምለያቸውን ድምፆች እነዚያ ሰዎች በቀርከሃ ብቻ ለይተዋቸው ነበር።

ቀርከሃ ግን ሲመታ ውሎ ይሰነጠቃል፤ ድምፁም ሩቅ አይሄድም። በ1930ዎቹ መጨረሻ ወጣቶቹ ወደ ብረት ተሻገሩ፦ የብስኩት ቆርቆሮ፣ የቀለም ጣሳ፣ የቆሻሻ በርሜል ክዳን፣ የመኪና የፍሬን ታምቡር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከ1942 ጀምሮ ካርኒቫል ቢታገድም በየጓሮው መቀጥቀጡ አልቆመም። በ1945 ድሉ ሲታወጅ ሕዝቡ ብረቱን ይዞ ጎዳናውን ሞላው።

ከዚያ በኋላ ነው ትልቁ በርሜል የመጣው። ትሪኒዳድ ነዳጅ አምራች አገር ናት፤ በጦርነቱ ጊዜ ደግሞ የአሜሪካ ጦር ሰፈር ነበረባት። ስለዚህ 208 ሊትር ገደማ የሚይዘው የነዳጅ በርሜል እንደ ልብ ይገኝ ነበር። በብረት ላይ ዜማ ማውጣትን የጀመረው ማን ነው የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተቋጨም። ዊንስተን ስፕሪ ሳይመን ስሙ ከፊት ይነሣል። ኤሊ ማኔት ደግሞ የበርሜሉን ፊት ወደ ውስጥ በማጎድጎዱና በመምቻው ጫፍ ላይ ጎማ በመጠቅለሉ ይታወሳል። ጎማው የብረቱን ሻካራ ጩኸት አለዘበው።

አሠራሩን ቀረብ ብሎ ላየው ሰው ትዕግሥትን ያስተምራል። የበርሜሉ ታች ወደ ላይ ተገልብጦ በከባድ መዶሻ ይመታል፤ ብረቱ ሳይቀደድ እየሳሳ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ይሰምጣል። የየኖታው ድንበር በብረት መብሻ ነጠብጣብ እየተመታ ይሠመራል። ጎኑ በልክ ይቆረጣል፤ ለቀጭኑ ፓን አጭር፣ ለቤዙ የበርሜሉ ሙሉ ቁመት ይተዋል። ከዚያ እሳት ላይ ይደረጋል። በመጨረሻ መቃኛው ባለሙያ ትንሽ መዶሻ ይዞ አንዴ ከላይ አንዴ ከታች ይነካካዋል፤ እያንዳንዱ ኖታ ከራሱ ድምፅ ሌላ ኦክታቩንም አብሮ እስኪሰጥ ድረስ ጆሮውን ደፍቶ ያደምጣል። አንቶኒ ዊልያምስ የተባለው ሌላው የዘርፉ ሊቅ ኖታዎቹን በአራተኛና በአምስተኛ ርቀት ዙሪያውን ደረደራቸው። ያን ጊዜ ጎረቤት ኖታዎች አብረው ሲንቀጠቀጡ እንኳ ድምፃቸው የሚስማማ ሆነ።

ይህን ሁሉ የሠሩት ሰዎች በጊዜው የተናቁ ነበሩ። በየሰፈሩ ያሉት ባንዶች ይደባደቡ ስለነበር ጨዋ የሚባለው ቤተሰብ ልጁን ወደ ፓን ግቢ አያስጠጋም ነበር። አስተያየቱን ከለወጡት ነገሮች አንዱ በ1951 ታስፖ የተባለው የትሪኒዳድ የፓን ቡድን ለንደን ላይ በተካሄደው የብሪታንያ ፌስቲቫል መጫወቱ ነው። መሪው ሌተናንት ጆሴፍ ግሪፊዝ በፖሊስ የሙዚቃ ጓድ ያደጉ ሰው ነበሩና ፓኖቹ ግማሽ ድምፆችን ሁሉ እንዲይዙ አደረጉ። ጃዝ ውስጥ መግባት የሚቻለው እነዚህ ድምፆች ሲኖሩ ነው።

ከታስፖ አባላት አንዱ ስተርሊንግ ቤታንኮርት እዚያው እንግሊዝ ቀረ። ከትሪኒዳዱ ፒያኒስት ከራስል ሄንደርሰን ጋር በትንሽ የፓን ቡድን ለንደን ውስጥ ይጫወት ጀመር። ሄንደርሰን ፒያኖ ላይ ሲቀመጥ ጃዝ ይጫወታል፤ ፓን አንገቱ ላይ ሲያንጠለጥል ጎዳና ይወጣል። በ1960ዎቹ አጋማሽ ኖቲንግ ሂል በተደረገ የሰፈር ድግስ ላይ ቡድኑ እየተጫወተ መንገድ ለመንገድ ሲሄድ ሕዝቡ ተከተለው፤ ዛሬ በዓለም የታወቀው የኖቲንግ ሂል ካርኒቫል መነሻ አንዱ ይህ ነው። በ1980 ደግሞ ጃማይካዊው ፒያኒስት ሞንቲ አሌክሳንደር ከትሪኒዳዱ የፓን ተጫዋች ከኦቴሎ ሞሊኖ ጋር «አይቮሪ ኤንድ ስቲል» የተባለውን አልበም ሠራ። ፒያኖና ፓን እኩል እየተነጋገሩ ሶሎ የሚወስዱበት ሥራ ነው፤ ፓን የጃዝ መሣሪያ መሆኑን ለሚጠራጠር ሰው ሁልጊዜ የማስደምጠው እሱን ነው።

ወደ ድምፁ ሥራ ስመለስ፣ ታሪኩ ሁሉ ማይክሮፎኑ ፊት ይቆማል። ቀጭኑ ቴነር ፓን ከመካከለኛው ሲ ወይም ከላዩ ካለው ዲ ነው የሚጀምረው፤ ስለዚህ ከ200 ኸርዝ በታች ማይኩ የሚለቅመው የቤዙንና የመድረኩን ጉምጉምታ ነው። እሱን እቆርጠዋለሁ። ኮርድ የሚይዙት ባለ ሁለት በርሜሎቹ ደብል ሰከንድ ዝቅ ስለሚሉ እነሱን ስቆርጥ እጠነቀቃለሁ። ማይኩን ከላይ ካስጠጋሁት መምቻው ያረፈበት አንድ ኖታ ብቻ ይወጣል፤ ስለዚህ ራቅ አድርጌ ከፍ አደርገዋለሁ። ከሥር ካደረግሁት ድምፁ ይሞቃል፤ የድራሙም ሲምባል ያን ያህል አይገባበትም፤ ነገር ግን የመምቻው ጥራት ይቀንሳል። ለተጫዋቾቹ ድምፅ የሚመልሰው ሞኒተር ወደ ፓኑ ሆድ ከዞረ ብረቱ ራሱ አብሮ ይንቀጠቀጣል፤ ፊድባክ የሚባለው ጩኸት የሚነሣውም ከዚያ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ በ1966 ኒው ዮርክ ላይ በቀረጻቸው የአፍሮ ላቲን አልበሞች ቫይብራፎኑን ከኮንጋው ጋር ሲያስማማ የሰማ ሐበሻ ጉዳዩ አይከብደውም፤ የሚያስተጋባ ብረት ዙሪያው ባዶ ቦታ ይፈልጋል።

ለዚህ ነው ባንዱ ዕቃውን ሲዘረጋ መጀመሪያ ፓኑን አስቀምጡ የምለው። ያለ ማይክ አዳራሹ ውስጥ የት እንደሚደርስ ይሰማ። ከዚያ ቤዙ፣ ኪቦርዱና ድራሙ በእሱ ልክ ይስተካከሉ። ብዙ ቦታ ተቃራኒው ይደረጋል፤ ድራሙና ቤዙ መድረኩን ከሞሉት በኋላ ፓኑ እላያቸው ላይ እንዲጮህ ይገደዳል። ያን ጊዜ አድማጩ ፓን ጆሮ የሚበሳ ቆርቆሮ ነው ብሎ ይወጣል። ትሪኒዳድ በ1992 ብሔራዊ መሣሪያዋ ብላ ያወጀችውን፣ ከበሮ የተነጠቀ ሕዝብ በመዶሻና በጆሮው የፈጠረውን ሥራ በአንድ ምሽት የሚክሰር ስንፍና እንደገና ቆርቆሮ ማድረግ በደል ነው። ይህን በደል መከላከል የእኛ የድምፅ ሠራተኞች ድርሻ ነው።