ስለ ተራራ ብስክሌት አመጣጥና ስለ ሱቅ ደንበኛ



ዛሬ የማቀርብላችሁ ታሪክ መጨረሻው ሩቅ አገር ቢሆንም መነሻው በዚሁ በከተማችን በአንድ የብስክሌት ሱቅ ደጃፍ ነው። የሱቁን ስም ለመጥራት አልፈልግም፤ ባለቤቱም ክፉ ሰው አልነበረም። ከዚያ ሱቅ ጎማው ወፍራም፣ ከፊቱ ሞላ የተገጠመለት፣ ማርሹ ብዙ የሆነ አንድ የተራራ ብስክሌት፣ በከተማችን አነጋገር «ማውንቴን» የሚባለውን፣ ገዝቼ ከመሥሪያ ቤቴ ወደ መኖሪያዬ እመላለስበት ነበር። በሦስተኛው ሳምንት የኋላው እግር ሲዞር እንደ ወፍጮ ያጉረመርም ጀመር። ደረሰኜን ይዤ ወደ ሱቁ ብመለስ፤ «እኛ እንሸጣለን እንጂ አንጠግንም» የሚል መልስ ብቻ አገኘሁ። ይህንንም የነገረኝ ሻጭ ዓይኑን ከመዝገቡ ላይ አላነሣም ነበር።

በሠፈራችን ከአንድ ግንብ ሥር ሸራ ወጥረው ጎማ የሚለጥፉ ሽማግሌ አሉ። «አባባ፤ ምን ሆኖብኝ ይሆን?» ብላቸው የኋላውን ሞዞ ፈቱና ኩሽኔታዎቹን በቆርቆሮ ሳህን ላይ አፍስሰው አሳዩኝ። «ልጄ፤ ይህ ዕቃ ግራሶ አልቀመሰም፤ ሲገጣጥሙት ረስተውታል» አሉኝ። እያንዳንዱን በጨርቅ ጠርገው፣ አዲስ ግራሶ ሞልተው፣ ገጥመው አስረከቡኝ። ያስከፈሉኝም ለሁለት ሰው ሻይ ከሚበቃው ብዙ አይበልጥም።

ይህን የግል ጉዳይ ያነሣሁት ለማማረር አይደለም። ሽማግሌው የሠሩት ሥራ፣ ማለት ሞዞን ፈትቶ ግራሶን እንደ ገና መሙላት፣ የተራራ ብስክሌት በተወለደበት አገር ለአንድ ታላቅ ቁልቁለት መጠሪያ ሆኖ መቅረቱን ከጥቂት ጊዜ በኋላ በማንበብ አወቅሁ። ታሪኩን እየተከታተልሁ በሄድሁ መጠን ነገሩ ሁሉ ሱቅና ፋብሪካ ደንበኛቸውን የሰሙበትና ያልሰሙበት ታሪክ ሆኖ አገኘሁት። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

በአሜሪካን አገር በሺካጎ ከተማ ኢግናዝ ሽዊን የተባሉ ከጀርመን አገር የሄዱ ሰው ከአንድ ሸሪካቸው ጋር ሆነው በ1895 ዓመት የብስክሌት ፋብሪካ አቋቋሙ። ልጃቸው ሚስተር ፍራንክ ሽዊን ሥራውን በያዙበት ጊዜ በዚያ አገር ይሸጥ የነበረው የብስክሌት ጎማ ካላማዳሪያው ለብቻው የማይወጣ፣ አንድ ወጥ የሆነ ስለ ነበረ፣ የተበሳ እንደ ሆነ ለመጠገን እጅግ ያስቸግር ነበር። ሚስተር ፍራንክ ሽዊን ጎማ ሠሪዎቹን አግባብተው በ1933 ዓመት ስፋቱ ከሁለት ኢንች ጥቂት የሚያልፍ፣ ካላማዳሪያው ወጥቶ የሚለጠፍ ጎማ አወጡ። ብስክሌቱ ከበድ ያለ ነበረ፤ ነገር ግን ጠጠሩንና ጉድጓዱን ሳይፈራ የሚሄድ ስለ ሆነ ልጆች ሁሉ ወደዱት። ይህን ወፍራም ጎማ ልብ ብላችሁ ያዙልኝ፤ ከአርባ ዓመት በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

ይኸው ኩባንያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያደረገው ደግሞ ለጉዳያችን ይበልጥ የቀረበ ነው። ብስክሌቱን ለማንኛውም መደብር መበተኑን እየተወ ለተመረጡ ሱቆች ብቻ ማቅረብ ጀመረ። የተመረጠውም ሱቅ ብስክሌቱን በሣጥን እንደ ታሸገ ለገዢው ከመስጠት ይልቅ ራሱ ገጣጥሞ፣ ፍሬኑንና ካቴናውን አስተካክሎ እንዲያስረክብ፣ መለዋወጫ ዕቃ እንዲያኖር፣ ሥራውን የሚያውቅ መካኒክ እንዲቀጥር ይጠበቅበት ነበር። መካኒኮቹም በኩባንያው ትምህርት ይሰጣቸው ነበር። መንግሥት ግን ይህ የሽያጭ ሥርዓት የንግድን ነፃነት ያጠባል ሲል ኩባንያውን ከሰሰው፤ ክርክሩም እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1967 ዓመት ፍርድ ቤቱ፣ አንድ ፋብሪካ ዕቃውን ለነጋዴ ከሸጠ በኋላ ነጋዴው ለማንና በየትኛው አውራጃ እንዲሸጥ ሊወስንበት አይችልም ብሎ ፈረደ። ይህንኑ ፍርድ ያው ፍርድ ቤት ከአሥር ዓመት በኋላ በሌላ ጉዳይ ላይ ሽሮታል። የሕጉን ነገር ለሕግ ሰዎች ልተወውና፣ ሽዊን የሚለው ስም በአሜሪካ ሕዝብ ዘንድ የተከበረው በብረቱ ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን ሱቁ ውስጥ ገዢውን በሚቀበለው ሰው ምክንያት ጭምር እንደ ነበረ ከዚህ ትረዳላችሁ።

ከዚህ በኋላ ዘመኑ ተለወጠ። ከ1970 ዓመት ጀምሮ አሜሪካኖች ትልቁም ትንሹም ብስክሌት የመንዳት ፍቅር ያዛቸው፤ በ1973 ብቻ 15 ሚሊዮን ያህል ብስክሌት ተሸጠ። ሱቆቹ የሞሉት ጎማው እንደ ጣት በቀጠነ፣ ማንቪሮው ወደ ታች በታጠፈ፣ ባለ አሥር ማርሽ ብስክሌት ነው። ወፍራሙ ጎማ የልጅ ነገር ተብሎ ከሱቁ ጀርባ ወደ ዕቃ ማከማቻና ወደ ቆሻሻ መጣያ ተወረወረ።

በካሊፎርኒያ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በስተ ሰሜን፣ ማሪን የሚባል አውራጃ አለ። ታማልፓይስ የተባለው ተራራ ከመካከሉ ተነሥቶ ይታያል፤ እሳት ሲነሣ የአጥፊዎች መኪና እንዲያልፍበት የተጠረገ የአፈር መንገድም በየጋራው ይዞራል። በዚያ የሚኖሩ አንዳንድ ጎልማሶች፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ በአስፋልት መንገድ የሚወዳደሩ ብስክሌተኞች ነበሩ፣ በእነዚያ የአፈር መንገዶች ላይ መንዳት አማራቸው። ቀጭን ጎማ ግን በድንጋይ ላይ አይበረክትም። ወደ ሱቅ ገብተው የሚፈልጉትን ቢጠይቁ የሚሸጥላቸው አንድም አልነበረም፤ እንደዚህ ያለ ዕቃ በየሱቁ ገና አልቀረበም። ስለዚህ የተጣሉትን የሽዊን አሮጌ ብስክሌቶች፣ በተለይም ኤክሴልሲየር የተባለውን ሞዴል፣ እየለቀሙ በጥቂት ዶላር ገዝተው ፓራፋንጎውንና ትርፍ ጌጡን ሁሉ ነቅለው በተራራው ላይ ይነዱት ጀመር።

ከእነርሱም ውስጥ ሚስተር ቻርሊ ኬሊ የተባሉት በ1976 ዓመት በጥቅምት ወር በ21ኛው ቀን ፌርፋክስ ከምትባለው ትንሽ ከተማ አጠገብ ቁልቁለት የመውረድ ውድድር አዘጋጁ። መንገዱ ወደ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል የሚጠጋ ሲሆን 400 ሜትር ያህል ወደ ታች ይወርዳል። በመጀመሪያው ቀን ሚስተር አላን ቦንድስ አሸነፉ፤ ኋላ የተመዘገበው ከሁሉ የፈጠነ ሰዓት ግን የሚስተር ጋሪ ፊሸር ሲሆን አራት ደቂቃ ከ22 ሴኮንድ ነው። አስቡት፤ ፍሬኑ ፔዳልን ወደ ኋላ ሲረግጡ ብቻ የሚይዝ፣ ሃያ ኪሎ ያህል የሚመዝን አሮጌ ብስክሌት ላይ ተቀምጦ በዚያ ገደል እንደ መኪና መብረር! የፍሬኑ ሥራ ሁሉ በኋላው ሞዞ ውስጥ ስለ ሆነ፣ ከታች ሲደርሱ ሞዞው እጅግ ግሎ ግራሶው ጢስ ሆኖ ይወጣ ነበር። በዚህ ምክንያት ከአንድ ግልቢያ በኋላ ሞዞውን ፈትቶ ግራሶ መሙላት ግዴታ ሆነ። መንገዱንም «ሪፓክ» አሉት፤ እንደ ገና መሙላት ማለት ነው። ከላይ የተናገርሁት የሽማግሌው ሥራ ይህ ነው።

አሮጌው ብረት ሲሰበር ጎልማሶቹ መሻሻልን ፈለጉ። ሚስተር ፊሸር ማርሽና የተሻለ ፍሬን ገጠሙ፤ የፍሬኑን እጄታ ከሞተር ብስክሌት ዕቃ ወሰዱ። ሚስተር ጆ ብሪዝ ደግሞ፣ ሚስተር ኬሊ ሥራልኝ ብለው ስላዘዟቸው፣ በ1977 ዓመት በአዲስ ቱቦ ለተራራ ብቻ የታሰበ ብስክሌት መሥራት ጀመሩ፤ አሥር ያህልም አወጡ። ከእነዚህ አንዱ ዛሬ በዋሺንግቶን በስሚዝሶንያን ቤተ መዘክር ይገኛል። እንግዲህ ፋብሪካው ያልሠራውን ደንበኛው ራሱ አዘዘ፤ ሌላው ደንበኛም ሠራለት።

በ1979 ዓመት ቶም ሪቺ የተባሉ ብልህ ብረት በያጅ ለዚህ ሥራ የሚሆን ዘጠኝ የብስክሌት አካል ሠርተው በአካባቢያቸው የሚገዛቸው በማጣታቸው፣ ሚስተር ፊሸር እንዲሸጡላቸው ለመኗቸው። ሚስተር ፊሸርና ሚስተር ኬሊ ያላቸውን ትንሽ ገንዘብ አዋጥተው አንድ ጋራዥ ተከራዩና «ማውንቴን ባይክስ» ብለው ሥራ ጀመሩ። የተሟላው ብስክሌት ዋጋ ወደ 1,300 ዶላር ይደርስ ነበር፤ ይህም በዚያ ዘመን የቀልድ ገንዘብ አይደለም። ፔዳሉ የተገጠመበት ክንድ ከፈረንሳይ፣ የማርሹ መቀየሪያ ከጃፓን፣ የፍሬኑ እጄታ ከጀርመን እየተሰበሰበ ይገጠም ስለ ነበር፣ አንዱ ዕቃ የዘገየ እንደ ሆነ ሌላው ሁሉ ይቆማል። ሆኖም ከእነርሱ የሚገዛ ሰው የሚያነጋግረው የመዝገብ ጸሐፊ ሳይሆን ራሱ በሪፓክ ወድቆ የተነሣ፣ የትኛው ዕቃ በምን ቦታ እንደሚሰበር ከጉልበቱ ጠባሳ ሊያሳየው የሚችል ነጋዴ ነበረ። ሸርክናቸው እስከ 1983 ብቻ ነው የቆየው፤ የሰጡት ስም ግን የሁሉ ሆኖ ይኸው እስከ እኛ ሠፈር ደረሰ።

ነገሩን ወደ ሕዝብ ያወረዱት ሚስተር ማይክ ሲንያርድ ናቸው። እኚህ ሰው በ1974 ዓመት ያቋቋሙት ስፔሻላይዝድ የተባለው ድርጅታቸው የብስክሌት ዕቃ ወደ አሜሪካ ያስመጣ ነበር። ከነሚስተር ፊሸር የተገዙትን ብስክሌቶች አይተው፣ በ1981 ዓመት በጃፓን አገር አሠርተው «ስታምፕጃምፐር»፣ ማለት ጉቶ ዘላይ፣ የተባለውን በ750 ዶላር ለየሱቁ አቀረቡ። በመጀመሪያ ዕቃውን ባዩ ጊዜ የልጅ መጫወቻ ተለቅ ብሎ የመጣ የመሰላቸው የሱቅ ባለቤቶች አልጠፉም። ነገር ግን የመጣው ሁሉ በቶሎ አለቀ።

ሽዊንስ? ይህን ጥያቄ ስጽፍ ራሱ ያሳዝነኛል። በተራራው ላይ የሚበረው ብረት የእርሱ ነበረ፤ ጎማውም ከ1933 ዓመት ጀምሮ የእርሱ ነበረ፤ በየከተማው ያሉት ሱቆችና መካኒኮችም የእርሱ ነበሩ። የጎደለው፣ ከሱቁ ውስጥ እስከ ሺካጎ ድረስ የደንበኛውን ቃል የሚያደርስ ጆሮ ነው። ለተራራ የሚመስሉ አንዳንድ ሞዴሎች አውጥቶ ነበር፤ ዳሩ ግን ነገሩን ከልቡ ሳያምንበት ነውና ሌሎቹ ቀደሙት። ለውድቀቱ ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው ማለት ግን ግፍ ይሆናል፤ በ1980 ዓመት የሺካጎው ፋብሪካ ሠራተኞች ሥራ አቁመው ነበር፤ ፋብሪካውም አርጅቶ ስለ ነበረ ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ። ከብዙ ዕዳ በኋላ በ1992 ዓመት ኩባንያው መክሠሩን ለፍርድ ቤት አስታወቀ። በአራተኛው ዓመት፣ በ1996፣ የተራራ ብስክሌት ውድድር በአትላንታ ኦሊምፒክ ውስጥ ገባ።

አንድ ነገር ልጨምር። የተራራ ብስክሌት ከመንገድ ብስክሌት ይልቅ ሱቁን ይፈልጋል። ጭቃ በካቴናው ይገባል፤ ድንጋይ ራጂውን ያጣምማል፤ ውኃ በሞዞው ያልፋል። ከ1990 ዓመት ወዲህ ከፊቱ ዘይትና አየር ያለበት ሞላ መግጠም ከተለመደ በኋላ ደግሞ በየጊዜው ተፈትቶ ዘይቱ መለወጥ አለበት። ስለዚህ በዚያ አገር ያለ ሱቅ ግማሹ መሸጫ ግማሹ መጠገኛ ነው፤ ገዢውም ብስክሌቱን የሚመርጠው ጠጋኙን አይቶ ነው ይባላል። «እንሸጣለን እንጂ አንጠግንም» ያለኝ ሻጭ ምናልባት ይህን የሚያስተምረው ሰው አላገኘ ይሆናል፤ እኔም ባለ መሥሪያ ቤት ነኝና «ነገ ተመለስ» ያልሁት ባለ ጉዳይ አለመኖሩን ለመማል አልደፍርም።

በፌርፋክስ ከተማ በ2015 ዓመት የብስክሌት ቤተ መዘክር ተከፍቶ እነዚያ ከቆሻሻ የተለቀሙ ብረቶች በክብር ተሰቅለው ይታያሉ። ባለፈው ቅዳሜ ጎማ ላስለጥፍ በሄድሁ ጊዜ ይህን ሁሉ ለሽማግሌው አጫወትኋቸው። ካላማዳሪያዬን በውኃው ሳህን ውስጥ እየነከሩ በጸጥታ ሰሙኝና፤

«ከያንዳንዱ ግልቢያ በኋላ ግራሶ?» አሉኝ።

«አዎን አባባ፤ ከያንዳንዱ።»

«ታዲያ የግራሶውን ዋጋ ማን ይከፍልላቸው ነበር?»

ራሳቸው ነበሩ ብላቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።