ሪህና መድኃኒቱ፦ ከአበባ እስከ ክኒን

በሽኩና ጊሜል ቤተሰቦችን ስንጎበኝ፣ ቡናው ከተጠጣ በኋላ ደጋግመን የምናየው ነገር አለ። አባት ወይም እናት ከጓዳ አንድ ከረጢት ያወጣሉ። በውስጡ ከኩፓት ሆሊም የተሰጠ የሪህ ክኒን አለ፤ ከጎኑም «ከዕፅዋት የተሠራ» ተብሎ የተገዛ እንክብል አለ። «ይህን ለሐኪሙ ነግረዋል ወይ?» ብለን ስንጠይቅ «ቅጠል ምን ይጎዳል ብላችሁ ነው ልጆቼ?» እንባላለን። ለዚህ ጥያቄ ታሪክ መልስ አለው።

በቋንቋችን ሪህ የምንለው ብዙ ዓይነት የመገጣጠሚያ ሕመምን ነው። እዚህ የምናወሳው በዩሪክ አሲድ ምክንያት የሚመጣውን ብቻ ነው። ዩሪክ አሲድ ሰውነት ምግብንና የራሱን አሮጌ ሴሎች ሲያፈራርስ የሚቀር ቆሻሻ ሲሆን፣ አብዛኛውን ኩላሊት በሽንት ያስወግደዋል። ሲበዛ ግን እንደ መርፌ የሾሉ ቅንጣቶች ሆኖ በመገጣጠሚያ ውስጥ ይከማቻል። ያን ጊዜ፣ በተለይ ሌሊት፣ የእግር አውራ ጣት ያብጣል፣ ይቀላል፣ አላስነካ ይላል።

ለዚህ ሕመም ከጥንት ጀምሮ የታወቀው ዕፅ ኮልቺኩም የሚባል አበባ ነው። ዘመዶቹ እዚሁ በኔጌቭ በክረምት ያብባሉ፤ በዕብራይስጥ ሲትቫኒት ይባላሉ። የጥንት ግሪኮች መርዝ መሆኑን ያውቁ ነበር። በ6ኛው መቶ ዘመን የትራሌስ እስክንድር የተባለ ሐኪም ከዚሁ ወገን እንደሆነ የሚታመን ሥር ለሪህ ያዝ ነበር። ሆኖም መርዝነቱ እያስፈራ ብዙ ሐኪሞች ለረጅም ዘመን ራቁት። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1763 የቪየናው ሐኪም አንቶን ፎን ሽቶርክ ዕፁን ወደ ሕክምና መለሰው። በ1820 ደግሞ ፔልቲየና ካቫንቱ የተባሉ ፈረንሳውያን ኃይሉን የያዘውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። ይህም በኋላ ኮልቺሲን ተባለ። ከዚያ ወዲህ መጠኑን መመዘን ተቻለ፤ ዛሬ አንዱ ክኒን የሚይዘው ግማሽ ሚሊግራም ያህል ብቻ ነው።

ኮልቺሲን ሕመሙን ያበርዳል እንጂ ዩሪክ አሲዱን አይቀንስም። በ1848 እንግሊዛዊው ሐኪም ጋሮድ በሪህ ታማሚዎች ደም ውስጥ ዩሪክ አሲድ መብዛቱን አሳየ። የሚቀንሰው ክኒን አሎፑሪኖል በአሜሪካ የተፈቀደው ግን በ1966 ነው። ከሠሪዎቹ አንዷ ገርትሩድ ኤሊየን ከምሥራቅ አውሮፓ ወደ ኒው ዮርክ የተሰደዱ አይሁዳውያን ልጅ ነበረች። ሴት በመሆኗ ሥራ እስከ መከልከል ደርሳ፣ በ1988 ኖቤል ሽልማት ተሸለመች።

የመጠንን ነገር ወላጆቻችን ከኮሶ ያውቁታል። የኮሶ አበባ ትልን ያስወጣል፤ በ19ኛው መቶ ዘመን እስከ አውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ደርሷል። ነገር ግን ሲበዛ ሰውን እንደሚጥል፣ ለነፍሰ ጡርም እንደማይሰጥ በአገር ቤት የሚታወቅ ነው። ኮሶም ቅጠል እንዳልነበረ ሆኖ አይታይም፤ አቅም ያለው ዕፅ ሁሉ ይፈውሳል፣ ይጎዳልም።

ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው እንክብል እንደ መድኃኒት በጥብቅ አይፈተንም። ቼሪ፣ እዚህ ዱቭዴቫን የምንለው፣ በ2012 በአሜሪካ በወጣ፣ 633 ሕሙማንን በተከታተለ ጥናት በበሉት ላይ ሕመሙ ሲቀንስ ታይቷል ቢባልም፣ ይህ የክኒኑን ቦታ አይተካም። እሽኮሊት እንኳ ኮልቺሲን በደም ውስጥ ከመጠን በላይ እንዲከማች ሊያደርግ ይችላል። ስለ ምግብም ብዙዎች ሽሮና ምስር ይተዋሉ። በ2004 የወጣ፣ ከ47,000 በላይ ወንዶችን ለ12 ዓመት የተከታተለ ጥናት ግን ሥጋና የባሕር ምግብ ሪህን እንደሚያበዙ፣ አትክልትና ጥራጥሬ ግን እንዳላበዙ አሳይቷል። ቢራና ጣፋጭ መጠጥ ግን ይጎዳሉ።

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ የታዘዘውን ክኒን በራሳችሁ አታቋርጡ። ወደ ሐኪም ስትሄዱ ከረጢቱን እንዳለ ይዛችሁ ሂዱ፤ ቅጠሉንም፣ ዱቄቱንም፣ እንክብሉንም አሳዩ። ዕብራይስጡ ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። የመድኃኒት መጠን ማስተርጎም የአሥር ዓመት ልጅ ሸክም መሆን የለበትም።