የዋልያዎቹ ምርጥ አሰልጣኝ ክርክር

የዋልያዎቹ ምርጥ አሰልጣኝ ክርክር የኢትዮጵያ ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድንን ከመሩት አሰልጣኞች መካከል ማን በአንደኝነት መቀመጥ እንዳለበት በደጋፊዎች ዘንድ የሚነሳ የቆየ ጥያቄ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠሩት ሦስት ስሞች ናቸው፤ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳውን ቡድን የመሩት ይድነቃቸው ተሰማ፣ ቡድኑን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ ውድድሩ የመለሱት ሰውነት ቢሻው፣ እንዲሁም ለካሜሩኑ የአፍሪካ ዋንጫ ያበቁት ውበቱ አባተ። ከእነርሱ ጎን መንግሥቱ ወርቁ፣ አብርሃም መብራቱና ጥቂት የውጭ አገር አሰልጣኞች ይታወሳሉ። ጥያቄው ቀላል የሚመስለው ዋንጫ ብቻ ሲቆጠር ነው፤ የውድድሩ ስፋት፣ የሜዳውና የማጣሪያው ሁኔታ ሲታከልበት ግን ደረጃው በቀላሉ ይቀያየራል።

ጋምቤላና ብሔራዊ ቡድኑ

የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ ያነሳ ክለብ ከጋምቤላ ክልል አልወጣም። ስለዚህ ቅዱስ ጊዮርጊስ ወይም ኢትዮጵያ ቡና የራሱን አሰልጣኞች በደረጃ እንደሚያስቀምጠው ዓይነት የአካባቢ ክርክር በባሮ ወንዝ ዳር በተቆረቆረችው የጋምቤላ ከተማ ብዙ መሠረት የለውም። የክልሉ እግር ኳስ ከአገሪቱ ታላላቅ ውድድሮች ጋር የተገናኘው በዋናነት በተጫዋቾቹ በኩል ነው። ከእነዚህ መካከል ሁለቱ ጋምቤላ የተወለዱት አጥቂው ኡመድ ኡክሪና አማካዩ ጋቶች ፓኖም ናቸው።

ኡመድ በቅዱስ ጊዮርጊስ ማሊያ ታውቆ በደቡብ አፍሪካ በተካሄደው የ2013 የአፍሪካ ዋንጫ በሰውነት ቢሻው ስብስብ ውስጥ ተካተተ፤ ከዚያም በግብፅ ሊግ በተለያዩ ክለቦች ለዓመታት ተጫወተ። ጋቶች ከኢትዮጵያ ቡና ተነስቶ በ2009 ዓ.ም. ማብቂያ የሩሲያውን አንዢ ማካችካላ ተቀላቀለ፤ በካሜሩኑ የአፍሪካ ዋንጫም በውበቱ አባተ ቡድን ውስጥ ነበር። ሁለቱ የአፍሪካ ዋንጫ ተሳትፎዎች ከጋምቤላ ሲታዩ እንግዲህ የአዲስ አበባ ብቻ ታሪክ አይደሉም፤ የክልሉ ልጆች የነበሩባቸው ቡድኖች ናቸው። በሰውነትና በውበቱ መካከል የሚደረገው ንጽጽር እዚህ ከይድነቃቸው ዘመን ይልቅ ቅርብ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

የብሔራዊ ቡድኑ ስብጥር በየዘመኑ ተለዋውጧል። የ1954ቱ ቡድን አምበል ሉቻኖ ቫሳሎና ወንድሙ ኢታሎ ከኤርትራ ነበሩ፤ በዚያ ዘመን አስመራ ለብሔራዊ ቡድኑ ዋና የተጫዋች ምንጭ ነበረች። ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ያለችውና ሞቃቷ ጋምቤላ በስብስቡ የታየችው በኋላ ነው።

ይድነቃቸው ተሰማ

ይድነቃቸው ተሰማ በ1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫውተዋል፤ ከአሰልጣኝነትም በላይ የሚታወቁት በአስተዳዳሪነታቸው ነው። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ሕይወታቸው እስካለፈበት 1979 ዓ.ም. ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበሩ። በአሰልጣኝነታቸው የሚጠቀሰው አንድ ውድድር ነው፤ እርሱም ኢትዮጵያ እስካሁን ያገኘችው ብቸኛ የአፍሪካ ዋንጫ ነው።

ውድድሩ አዲስ አበባ ላይ ሲካሄድ የተሳተፉት አራት አገሮች ብቻ ነበሩ፤ ኢትዮጵያ፣ ቱኒዚያ፣ ኡጋንዳና በወቅቱ የተባበሩት ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ። ይህ የይድነቃቸውን ደረጃ ለመቀነስ ለሚፈልግ ሰው የመጀመሪያው መከራከሪያ ነው፤ ቡድኑ ማጣሪያ ሳይጫወት፣ በሜዳው፣ በሁለት ጨዋታ ብቻ ዋንጫ አነሳ። ጨዋታዎቹን በዝርዝር ያየ ግን ነገሩ የተዘጋጀ ድግስ እንዳልነበረ ይረዳል። በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያ 2 ለ 0 መርታ ነበር፤ ኢትዮጵያ አራት ግብ አስቆጥራ 4 ለ 2 አሸነፈች። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በተደረገው ፍጻሜ ደግሞ ቡድኑ ሁለት ጊዜ ከኋላ ተነሳ። ተክሌ ኪዳኔ አቻ ካደረገ በኋላ ግብፅ ወዲያው እንደገና መራች፤ መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ኢትዮጵያ 2 ለ 2 አደረገች። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አከሉበትና ጨዋታው 4 ለ 2 ተጠናቀቀ። የተሸነፈችው ግብፅ የቀደሙትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደች፣ በ1949 ዓ.ም. ደግሞ በመጀመሪያው ውድድር ፍጻሜ ኢትዮጵያን 4 ለ 0 ያሸነፈች ናት። በአምስት ዓመት ውስጥ የተገለበጠው ይህ ውጤት ለይድነቃቸው ከዋንጫው እኩል የሚቆጠር ማስረጃ ነው።

መንግሥቱ ወርቁ

የፍጻሜውን አራተኛ ግብ ያስቆጠረውና የ1954ቱ ውድድር የግብ ጣምራ ኮከብ የነበረው መንግሥቱ ወርቁ በኋላ አሰልጣኝ ሆኖ ቡድኑን በሊቢያ ለተካሄደው የ1982 የአፍሪካ ዋንጫ አብቅቷል። ቡድኑ በናይጄሪያ 3 ለ 0፣ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸንፎ ከአልጄሪያ ጋር ያለ ግብ ተለያይቶ ከምድቡ ተሰናበተ። በዚህ ምክንያት መንግሥቱ በተጫዋችነቱ እንጂ በአሰልጣኝነቱ ብዙም አይወሳም። ያ ሚዛናዊ አይደለም፤ በዚያ ዘመን ለውድድሩ የሚያልፉት ስምንት አገሮች ብቻ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያ በአፍሪካ ዋንጫ ለመታየት 31 ዓመት መጠበቅ ነበረባት። በመካከሉ የተገኘው ደስታ ከምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ ነው፤ ኢትዮጵያ ይህን ዋንጫ እ.ኤ.አ. በ1987፣ 2001፣ 2004 እና 2005 አንስታለች።

ሰውነት ቢሻው

ሰውነት ቢሻው በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ቡድኑን እንደገና ሲረከቡ የነበረው ተስፋ ዝቅተኛ ነበር። ቀጥሎ የሆነው ግን በኢትዮጵያ እግር ኳስ ትልቁ የዘመናችን ታሪክ ነው።

የ2013ቱ ማጣሪያ በሁለት ዙር ደርሶ መልስ ተደረገ፤ ኢትዮጵያም ሁለቱንም ያለፈችው ከሜዳ ውጭ በተቆጠሩ ግቦች ነው። ከቤኒን ጋር አዲስ አበባ ላይ ያለ ግብ ተለያይታ ኮቶኑ ላይ 1 ለ 1 ወጣች። በሱዳን 5 ለ 3 ተሸነፈች፤ ጥር ወር ላይ ደቡብ አፍሪካ የሚሄደው ማን እንደሆነ የሚወስነው የመልሱ ጨዋታ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ነበር። አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰዒድ አስቆጥረው 2 ለ 0 ሆነ። ድምሩ 5 ለ 5 ነው፤ ያሳለፋት ሱዳን ላይ የተቆጠሩት ሦስቱ ግቦች ናቸው። ሰውነትን የሚተቹ «በደንብ ዳር አለፈ» ይላሉ፤ በሽንፈት ውስጥ ሆኖ ሦስት ግብ ያስቆጠረ ቡድን ግን ዕድል ብቻ አልነበረውም።

በውድድሩ የመጀመሪያው ጨዋታ ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ኔልስፕሩይት ላይ ተደረገ፤ የ1954ቱ ፍጻሜ በተደረገበት በዚያው ቀን መሆኑ ነው። ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጣ፤ ሳላዲን ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፤ ዛምቢያም መራች። በአሥር ተጫዋች የቀረው ቡድን በአዳነ ግርማ ግብ 1 ለ 1 ወጣ። ከዚያ በኋላ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በኋላ ዋንጫውን ባነሳችው ናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፎ ተመለሰ።

የሰውነትን ስም ከአፍሪካ ዋንጫው በላይ ያነሳው የ2014 የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ነው። ደቡብ አፍሪካ፣ ቦትስዋናና ማዕከላዊ አፍሪካ ሪፐብሊክ ባሉበት ምድብ ኢትዮጵያ ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸነፈች። ደስታው ገና ሳይበርድ ቅጣት መጣ፤ ቦትስዋናን 2 ለ 1 ባሸነፈችበት ጨዋታ ካርድ ያለበት ምንያህል ተሾመ በመሰለፉ ፊፋ ሦስቱን ነጥብ ነጠቀ። ፌዴሬሽኑ ስህተቱን አመነ። ቡድኑ ግን የመጨረሻውን ጨዋታ በማዕከላዊ አፍሪካ ሪፐብሊክ ላይ 2 ለ 1 አሸንፎ ምድቡን በአንደኝነት ጨረሰ። በወሳኙ ዙር ናይጄሪያ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 አሸንፋ ጉዞውን አቆመችው። ኢትዮጵያ ለዓለም ዋንጫ ይህን ያህል ቀርባ አታውቅም።

ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ ቡድኑ በአገር ውስጥ ሊግ ለሚጫወቱ በተዘጋጀው የአፍሪካ አገሮች ሻምፒዮና ሦስቱንም ጨዋታ ያለ ግብ ተሸነፈ፤ ሰውነትም በ2006 ዓ.ም. አጋማሽ ተሰናበቱ። ከዚያ ስንብት በኋላ ቡድኑ ለቀጣዮቹ ሦስት የአፍሪካ ዋንጫዎች አላለፈም።

ውበቱ አባተ

ውበቱ አባተ ወደ ብሔራዊ ቡድን ሲመጡ በክለብ ደረጃ የተመዘገበ ውጤት ነበራቸው፤ በ2003 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ቡናን ለፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ አብቅተዋል። ብሔራዊ ቡድኑን በ2013 ዓ.ም. መግቢያ የተረከቡት ማጣሪያው ከተጀመረ በኋላ ነው። በዚህ ላይ አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። የማጣሪያው ትልቁ ድል፣ ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ ኮትዲቯርን 2 ለ 1 ማሸነፍ፣ የተገኘው በአብርሃም መብራቱ ጊዜ ነው። ከሦስቱ ድሎች አንዱ የአብርሃም፣ ሁለቱ የውበቱ ናቸው፤ እነርሱም በኒጀር ላይ 3 ለ 0፣ በማዳጋስካር ላይ 4 ለ 0። ደረጃ አውጪዎች ይህን ማጣሪያ በሙሉ ለአንድ ሰው ሲሰጡ አብርሃም ይበደላሉ።

መጋቢት 21 ቀን 2013 ዓ.ም. አቢጃን ላይ የተደረገው የመጨረሻ ጨዋታ ደግሞ እንግዳ ነበር። ኢትዮጵያ 3 ለ 1 እየተመራች ሳለ ዳኛው ታመው ወደቁና ጨዋታው በ80ኛው ደቂቃ ግድም ተቋረጠ። ማዳጋስካርና ኒጀር ያለ ግብ በመለያየታቸው ኢትዮጵያ ሁለተኛ ሆና አለፈች። በካሜሩን በኬፕ ቨርዴ 1 ለ 0፣ በአስተናጋጇ 4 ለ 1 ተሸንፋ ከቡርኪና ፋሶ ጋር 1 ለ 1 ተለያየች። ውጤቱ ከ2013ቱ ጋር አንድ ነው፤ አንድ አቻ፣ ሁለት ሽንፈት። ተሳታፊዎቹ ግን በ2013 ከነበሩት 16 ወደ 24 አድገው ነበር፤ ይህ ሰውነትን የሚደግፍ ነጥብ ነው።

ለውበቱ የሚቆጠረው ሌላ ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የኢትዮጵያን ስታዲየሞች መስፈርት አያሟሉም ብሎ ስላገደ ቡድኑ «የሜዳውን» ጨዋታ በስደት ይጫወት ጀመር። ከጋና ጋር 1 ለ 1 የተለያየችው ኅዳር 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ጆሃንስበርግ ላይ ነው። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ ግብፅን በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ግቦች 2 ለ 0 ያሸነፈችው በማላዊዋ ሊሎንግዌ ነበር። ይድነቃቸውና ሰውነት ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለውን የአዲስ አበባ ስታዲየምና የሞላ ደጋፊውን ይዘው ተጫውተዋል፤ እንግዶች ትንፋሽ የሚያጥራቸው እዚያ ነው። ውበቱ የግብፅን ድል ያገኙት ያለ ከፍታው፣ ያለ ደጋፊው ነው። እንደ ነጠላ ጨዋታ ከተወሰደ ከ1954ቱ ፍጻሜ ወዲህ ይህን የሚተካከል ጥቂት ነው። ውበቱ በ2015 ዓ.ም. ከቡድኑ ጋር ተለያዩ።

የውጭ አገር አሰልጣኞች

ከውጭ የመጡት በደረጃው ከፍ ብለው አይታዩም፤ ዋናው ምክንያት የቆይታቸው ማጠር ነው። ቤልጅጋዊው ቶም ሴይንትፌት በ2003 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከናይጄሪያ ጋር 2 ለ 2 ተለያይተው ወራት ሳይቆዩ ለቀቁ። ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ ከሰውነት በኋላ መጥተው ማሊን ባማኮ ላይ 3 ለ 2 ቢያሸንፉም ለ2015ቱ ውድድር ሳያልፉ ቀሩ፤ አንድ ዓመት ገደማ ብቻ ቆዩ። ከእርሳቸው በኋላ ዮሐንስ ሳህሌ፣ ገብረመድኅን ኃይሌና አሸናፊ በቀለ በሦስት ዓመት ውስጥ ተፈራረቁ። ሰውነትና ውበቱ ቡድኑን ለአፍሪካ ዋንጫ ባበቁባቸው ጊዜያት እያንዳንዳቸው ከሁለት ዓመት በላይ ያህል በወንበሩ ላይ ቆይተዋል።