ሕፃናትና ፊዚክስ፡- ከአንዲት ጣውላ የሚገኝ ትምህርት

ፊዚክስ ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተደረደረ ቀመር ነው፡፡ ይሁን እንጂ የ4 እና የ5 ዓመት ሕፃናት እንኳ ስለ እንቅስቃሴ መሠረታዊ የሆኑ ነገሮችን ያለ ቀመር ሊረዱ ይችላሉ፡፡ ለዚህም አንድ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ጣውላ፣ ጥቂት መጻሕፍት፣ ብይ፣ ቆርኪ፣ ፎጣና ጠመኔ ይበቃሉ፡፡ (ብይና ቆርኪ ጉሮሮ ሊዘጉ ስለሚችሉ ከ3 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት እንዳያገኟቸው ጥንቃቄ ያስፈልጋል፡፡)

ከፍታ፡- የጣውላውን አንድ ጫፍ በአንድ መጽሐፍ ከፍ አድርጎ ብዩን ሳይገፉ መልቀቅ፣ የቆመበትንም ቦታ በጠመኔ ምልክት ማድረግ፡፡ ቀጥሎ መጻሕፍቱን ሁለት፣ ከዚያም ሦስት ማድረግ፡፡ ከፍታው በጨመረ ቁጥር ብዩ ርቆ ይሄዳል፡፡

ሰበቃ፡- የመጻሕፍቱን ብዛት ሳይለውጡ ጣውላውን ፎጣ ማልበስ፡፡ ብዩ አሁን ቀስ ይላል፡፡ በጠፍጣፋ ጎኑ የተቀመጠ ቆርኪ ደግሞ ጣውላው በደንብ ካልተዘቀዘቀ ከነጭራሹ አይንቀሳቀስም፡፡ መንሸራተትና መንከባለል የተለያዩ መሆናቸውን ልጁ በዓይኑ ያያል፡፡

ክብደት፡- ትልቅና ትንሽ ብይ ከአንድ መነሻ እኩል ቢለቀቁ የትኛው ይቀድማል? ልጆች ብቻ ሳይሆኑ አዋቂዎችም ብዙ ጊዜ "ትልቁ" ይላሉ፡፡ ሁለቱም ድፍን ኳስ እስከሆኑ ድረስ ግን እኩል ለማለት በሚቻል ሁኔታ ይደርሳሉ፡፡ የመሬት ስበት ከባዱን አብልጦ ቢስበውም፣ ከባዱ ለመንቀሳቀስ የሚጠይቀው ኃይልም በዚያው ልክ ይበልጣል፡፡

ጣሊያናዊው ጋሊሊዮ ጋሊሌይ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ የገለጸውም ተመሳሳይ ሙከራ ነው፡፡ 12 ክንድ ገደማ ርዝመት ባለው፣ ለስላሳ ቦይ በወጣለት እንጨት ላይ የነሐስ ኳስ እያንከባለለ፣ ጊዜውን የለካው ከዕቃ በቀጭን ቱቦ የሚወርደውን ውኃ በመመዘን ነበር፡፡ ኳሷ የመንገዱን ሩብ ለመጨረስ የፈጀባት ጊዜ ሙሉውን ለመጨረስ ከፈጀባት ግማሽ ሆኖ አገኘው፡፡ ይህም ማለት እየወረደች በሄደች መጠን ፍጥነቷ ይጨምራል፡፡

ወላጆች ሊያስታውሱ የሚገባቸው ሁለት ነገሮች አሉ፡፡ አንደኛ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ነው፤ ከፍታውም ፎጣውም አብረው ከተለወጡ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ አይታወቅም፡፡ ሁለተኛ፣ ብዩ ከመለቀቁ በፊት "ምን የሚሆን ይመስልሃል?" ብሎ መጠየቅ ነው፡፡ ግምቱ ከተሳሳተ መልሱን ከመንገር ይልቅ ደጋግሞ እንዲሞክር መተው ይሻላል፡፡